ከካርታው ሥር ያለው ዜማ

ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእስራኤል፣

የከበረ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የዘመን መለወጫችን ጊፋታም በሰላም አልፏል። እናትህን ትናንት ገበያ አግኝቻቸው ነበር። "ያ ቀጫጫ ልጄ ይበላል ወይ?" ብለው ያዙኝ። እኔ በምን አውቄ! ይበላል አልኳቸው።

አሁን ስለላክሁልህ ቪዲዮ ወደ ጠየቅከኝ። አዎ፣ እጆቹ የእኔ ናቸው።

"ይሄን ከየት አገር አወረድሽው?" ብለህ መጻፍህ አስደሰተኝም፣ አናደደኝም። ከየትም አላወረድኩትም። የተቀረጸው እኔ የምሠራበት ኮፒ ቤት ውስጥ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ ተዘግቶ። ስልኬን የወረቀት ክምር ላይ አስደግፌ ነው። ሥሩ የተነጠፈው ባለ ቀይና ቢጫ ጨርቅ የቤታችን ዱንጉዛ መሆኑን አንተ የሶዶ ልጅ ሆነህ መለየት አቃተህ? አዲስ አበባ አበላሸህ ማለት ነው።

እንዴት ተማርሽ ላልከው፣ ወረቀት ነው ያስተማረኝ። ኮፒ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዳይጣበቅ ይራገባል። ከጠዋት እስከ ማታ ሳራግብ እጄ ለመደ። ከዚያ አንድ ፈረንጅ በካርታ ያንኑ ሲያደርግ በኢንተርኔት አየሁ። ቁማር አይደለም፣ እስራኤል። አስማትም አይደለም። ካርታውን በእጅ ማስጨፈር ብቻ ነው፤ ይቆረጣል፣ ይዘረጋል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይፈሳል፣ አለቀ። ይሄን ግን ለአንተ ማስረዳት ሌላ፣ ለአባዬ ማስረዳት ሌላ።

አጥር ለአጥር ስላደግን አባዬን ታውቀዋለህ። ኤርካሎ ከተናገረ ተናገረ ነው። ዘንድሮም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ እሱ ነው። አምና አብሮን የሚያገለግለው ቦልቴ ካርታ ሲጫወት ተገኝቶ ከአገልግሎት ሲታገድ፣ እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሞ ስሙን ያነበበው አባዬ ነው። ቦልቴን እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። ሲያነብ ድምፁ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እኔ መዘምራን መካከል ቆሜ ነበር፣ በኪሴ ካርታ ይዤ። የእኔ ነገር ቢሰማ ስሜን ማን እንደሚያነበው አሰብኩ።

ታዲያ ለምን አትተዪውም ትለኝ ይሆናል። አልችልማ! አዲስ አበባ ያለ አንድ የሰርከስ ቡድን የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ እስከ ኅዳር አጋማሽ ላኩ ብሏል። ከወደዱት መድረክ ነው፣ ሥራ ነው። በሕይወቴ እንደዚህ የምችለው ሌላ ነገር የለም።

አንተ የሠርግ ቪዲዮ ስለምትሠራ አሳምረህ ቁረጥልኝ፣ ሙዚቃም ፈልግልኝ። ቃል ያለው ዘፈን ግን አልፈልግም። ሰው ቃል ከሰማ እጅ አያይም። ስልክም አትደውል፤ የእኔን ስልክ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የደረሰ ነው የሚያነሳው። ኢንተርኔቱንም አላምነውም፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ቪዲዮው ያለበት ፍላሽ የመዘምራን ነው፣ ሳይጠፋ ይመለስ። የላኩት በእትዬ ጥሩዬ ነው፤ ከቦምቤ ቅቤ ገዝተው ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። ሰው ይወዳሉ፣ ወሬ ደግሞ ከሰው አብልጠው ይወዳሉ። ፖስታውን በፕላስተር የጠቀለልኩት ለዚህ ነው። ስሜንም አልጽፍም።

እህትህ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ስሟ ለማይጻፈው እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ ለእማዬ ንገሪያት። ፕላስተሩን ለመፍታት ምላጭ መዋስ ነበረብኝ። እትዬ ጥሩዬ ቆመው "ምንድን ነው እንዲህ የታሸገው?" ሲሉኝ "መድኃኒት ነው" አልኳቸው። አሁን መላው ቦምቤ ታምሜአለሁ ብሎ ያዝናል።

ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፦ ለማንም አላሳየሁም። ጓደኞቼ ሲገቡ ስክሪኑን አጠፋለሁ። የሚያሳፍር ነገር የማይ መስሏቸዋል፣ ይሁን።

ሥራውን ልንገርሽ። ሙዚቃ ሲመረጥ መጀመሪያ ድምፁን ዘግቶ ማየት ነው። ሙሽራም ብትሆን አካሄዷን ሳላይ ሙዚቃ አልጭንባትም። አንቺን ደጋግሜ አየሁሽ። ማርያምን፣ ያስፈራል! ያ ካርታው ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ጥሬ የሚንዶቆዶቅበት ቦታ ላይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንድ ነገር ግን ገረመኝ። እጅሽ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ይሄዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሳል። የሚሰማው ነገር ያለ ይመስላል። ወደ መጨረሻው ደግሞ የሚያሳድድሽ እንዳለ ትቸኩያለሽ። በሆድሽ የምታንጎራጉሪው ነገር አለ እንዴ?

ሦስት ዓይነት አድርጌ ሠርቻለሁ። አንዱ የጭፈራ ቤት ምት ነው፣ ደረት የሚመታው። ሁለተኛው ማሲንቆ ነው። ሦስተኛው ዋሽንት። በዚሁ ፍላሽ መልሼልሻለሁ። የትኛው እንደሆነ ቶሎ አሳውቂኝ። የስልክ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ወሬ የሚደርሰን በቅቤ ነጋዴ ብቻ ሆኗል።

አክባሪሽ እስራኤል


ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእስራኤል፣

ሰላም ላንተ ይሁን። በጣም ለፍተሃል፣ ጌታ ይባርክህ። አሁን ደግሞ አትቀየመኝ።

የጭፈራ ቤቱ አይሆንም። ካርታዬን የመጠጥ ቤት ካርታ አደረግከው። እኔ የምሸሸው ነገር ራሱ መጣ። ማሲንቆው ደግሞ ውብ ነው፣ ግን ማሲንቆ የሰማ ሰው አፉን ከፍቶ ግጥም ይጠብቃል፤ የእኔን እጅ ማን ያየዋል? ዋሽንቱ እንቅልፍ ነው። ከእሱ ጋር ሳየው ራሴ አዛጋሁ።

የማንጎራጉረው ነገር የለም። ኮፒ ማሽኑ ነው የሚያንጎራጉረው።

መጨረሻውን ደግሜ ቀርጬዋለሁ፣ ፍላሹ ላይ "እጅ" የሚለውን ክፈት። የመዘምራንም ነገር አለበት፣ እንዳይጠፋ አደራ።

ሌላ ልነግርህ የማልፈልገው ነገር አለ። አልነግርህም ብዬ ነበር፣ ግን ለማን ልንገር?

ካርታ ጠፋብኝ። አንድ ብቻ፣ ጆከሩ። ያ ባርኔጣው ላይ ቃጭል ያለበት ሰውዬ። ኮፒ ቤቱን ገለበጥኩት፣ የለም። ካርታውን የማስቀምጠው ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ ካፖርቴ ደግሞ የሚሰቀለው ሳሎን በር ላይ፣ ከአባዬ ካፖርት ጎን ነው። ካፖርቴ ያለቦታው፣ በሌላኛው ምስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።

  ማታ ራት ላይ አባዬ ዳጣውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ "ጣትሽን ምን ነካው?" አለኝ። የካርታ ጠርዝ አውራ ጣቴን ሸርፎኛል። "ወረቀት ነው" አልኩት። "ወረቀት እንዲህ ይቆርጣል?" አለ። "ይቆርጣል" አልኩ። ከዚያ ጸሎት አደረገ። በጸሎቱ ውስጥ ስሜን ከወትሮው ይልቅ አስረዝሞ ጠራው። ወይ አግኝቶታል፣ ወይ እኔ አብጃለሁ።

እባክህ ቶሎ ጨርሰው። ከዚህ በላይ ልቤ አይችልም።

እህትህ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 28 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለጀግናዋ እህቴ፣

እንኳን ደስ ያለሽ! እንኳን ደስ ያለን! ሰላምታውን ኋላ እመለስበታለሁ።

መዘግየቴን ይቅር በዪኝ። የመጨረሻው ቀን እስኪደርስ ሙዚቃ አጥቼ ነበር። ዘጠኝ ነገር ሞክሬ ሁሉም እንደ ተዋሰ ጫማ ሆነ፤ አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ይሰፋል። ተስፋ ቆርጬ ፍላሽሽን ስጎረጉር ስም የሌለው የድምፅ ፋይል አገኘሁ። ጊታርና ኪቦርድ ብቻ፣ ማንም አይዘፍንበትም። እስቲ ብዬ ከእጅሽ ሥር አስቀመጥኩት።

ምን ልበልሽ? አንድም ቦታ አልቆረጥኩም። ካርታው ሲዘረጋ ጊታሩ ይዘረጋል። አንቺ ስታርፊ እሱም ያርፋል። ያ ዜማ ከአንቺ እጅ የተቀዳ ይመስላል። ከወንበሬ ተነሥቼ ቤቱን ዞርኩ። ሳልጠይቅሽ ላክሁት፤ ብጠይቅሽ ደብዳቤው ሳይደርስ ቀኑ ያልፍ ነበር።

ቡድኑ ወዶታል። ወዶታል ብቻ ነው? ኢንተርኔቱ እንደተከፈተ በገጻቸው ላይ አወጡት። ሰው እየተቀባበለው ነው። "የእጆቹ ባለቤት ትምጣ" ብለዋል፣ ለጥር ትርኢታቸው። ፊትሽ የለበትም፣ ስምሽም የለበትም፣ እንደ አደራሽ ነው።

ዜማው ግን የማን ነው? ዕድሜዬን ሁሉ ሰምቼው የማላውቀው ሆኖ ሳለ የማውቀው መሰለኝ።

ወንድምሽ እስራኤል


ወላይታ ሶዶ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

እስራኤል፣

ምን አደረግከኝ? ምን በደልኩህ?

ዜማው የማን ነው ትለኛለህ። የአባዬ ነው! እናቴ ኦቶና ሆስፒታል ተኝታ በነበረችበት ጊዜ አልጋዋ ሥር ተቀምጦ የሠራው መዝሙር ነው። ሁለቱን ስንኝ እሷ ሰምታዋለች። ሦስተኛውን ከቀበርናት በኋላ ነው የጨመረው። በቤተ ክርስቲያናችን ያንን መዝሙር የማያውቅ የለም፤ ሕፃን ሲመረቅ ይዘመራል፣ ሰው ሲሞት ይዘመራል። አንተ ያገኘኸው መዘምራን ለልምምድ የቀዱት ማጀቢያ ነው። የመዘምራን ነው ብዬህ ነበር እኮ!

ቃል የለበትም ትለኝ ይሆናል። ለአንተ የለበትም። እዚህ ሰው ያንን ጊታር ሲሰማ ቃሉ በራሱ ይመጣለታል። መናኸሪያ አንድ ረዳት ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮውን እያየ ነበር። አጠገቡ የቆመች ሴትዮ ዓይኗን ሳታነሳ መዝሙሩን ተቀበለችው፣ ለራሷ ቀስ አድርጋ። ከዚያ ስልኩን አየች። ካርታ! እስራኤል፣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር፣ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ።

ያለ መዝሙሩ ቢሆን አንድ የማይታወቅ ሰው ካርታ ሲያገላብጥ ብቻ ነበር የሚታየው፣ ማንም ግድ አይሰጠውም ነበር። አሁን ግን ከተማው ሁሉ "ይሄን ማን ደፈረ?" እያለ ነው። ማጀቢያው የነበረው በመዘምራን ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሹን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ፣ ጠርተውኛል። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ ታውቃለህ።

እጄ የሚሰማው ነገር አለ ብለህ ነበር። አሁን ገባኝ። ለካ ያንን መዝሙር ነው እጄ ሲሰማ የኖረው። ይሄን ማወቄ ይብስ አስለቀሰኝ።

አስጠፋው። እለምንሃለሁ፣ አስጠፋው።

ማ.


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

በምን አፌ ሰላም ልበልሽ። እግሬን ይስበረኝ ብል አይመልሰውም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወደ ቡድኑ ሮጥኩ። ከገጻቸው አንስተውታል። ግን የፈሰሰ ውሃ ነው፣ ሰው በስልኩ ይዞታል። ይቅርታ አድርጊልኝ። የመዘምራን እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር፣ አልክድም። እኛ ቤት መዝሙር ማለት ከበሮና ጸናጽል ነው፤ ጊታርና ኪቦርድ ከሆነ፣ ቃሉም ከሌለበት፣ ዜማ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ሶዶ ተወልጄ አድጌ፣ በየእሁዱ በአጥራችሁ በኩል ስትዘምሩ እየሰማሁ! የማውቀው የመሰለኝም ለዚህ ነው። ደደብ ነኝ።

አሁን ስሚኝ። ቪዲዮው ላይ ፊት የለም። ስም የለም። ዱንጉዛ የሌለው ቤት ወላይታ ውስጥ የለም። "ፍላሹን አውሼ ነበር፣ የወሰደው ሰው ነው" በያቸው። የእኔን ስም ስጪ። እኔ የእነሱ ምእመን አይደለሁም፣ ምን ያደርጉኛል? ራሴ መጥቼ እመሰክራለሁ። እጁ የአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው እላለሁ። አንቺ ብቻ ዝም በዪ።

ለአባትሽ ስትዪ ይሄን ዋሺ። አንድ ቀን ብቻ ነው።

በዳይሽ እስራኤል

ይሄን ደብዳቤ እትዬ ጥሩዬ ዛሬውኑ ይዘውት ይወርዳሉ። ቅዳሜ ሳይደርስ እጅሽ እንዲገባ ለምኛቸዋለሁ። ሲያለቅሱ አየኋቸው፣ የነገርኳቸው ነገር ግን የለም።


ወላይታ ሶዶ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእስራኤል፣

ሰላም ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ደህና ናቸው፣ ታመመ ብለው ሰምተው ቅቤና በሶ ልከውልሃል። አስታማሚዎችህ ብዙ ናቸው።

ደብዳቤህ አርብ ማታ ደረሰኝ። እትዬ ጥሩዬ ራሳቸው ኮፒ ቤት ድረስ አመጡት፤ ሰጥተውኝ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ነገሩ ከባድ መሆኑ የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። የጻፍክልኝን ውሸት ሸምድጄው አደርኩ። ጥሩ ውሸት ነው፣ ቀዳዳ የለውም።

ቅዳሜ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፣ አባዬ በመካከል። ጠዋት ከአንድ ቤት ነው የወጣነው፤ ቁርስ አብረን በልተን፣ እሱ በፊት እኔ በኋላ።  አንደኛው ሽማግሌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ከፈተው። ጊታሩ ጀመረ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ፣ የሚጸልዩ ይመስሉ ነበር። ካርታውን ያየ የለም። እኔ አባዬን አየሁ። እሱ ብቻ ስልኩ ላይ ያሉትን እጆች ያይ ነበር።

ሲያልቅ ጥያቄው መጣ። አፌን ከፈትኩ፣ የአንተ ውሸት ምላሴ ላይ ነበር። አባዬ "ቆይ" አለ። ተነሣ። ወንበሩን ከጠረጴዛው ጎትቶ እኔ አጠገብ አመጣና ተቀመጠ።

በወላይትኛ ነው የተናገረው፣ በአማርኛ ልመልስልህ። "ይሄን እኔ መጠየቅ አልችልም" አለ። "ጥቅምት ላይ አንድ ካርታ ከካፖርቷ ኪስ ወድቆ አገኘሁ። ብጠይቃት ትዋሻለች ብዬ ፈራሁ። እንዳትዋሸኝ ብዬ አልጠየቅኳትም። ይኸው ሁለት ወር ሽማግሌ ሆኜ፣ ሰብሳቢ ሆኜ፣ እናንተን ደበቅኩ። ቦልቴን ያገድኩ ሰውዬ ነኝ። መዝሙሩ የእኔ ነው፣ ልጅቷ የእኔ ናት። ሁለታችንንም ጻፉ።"

ከዚህ በኋላ እንዴት ልዋሽ? "እጆቹ የእኔ ናቸው" አልኩ። ይሄን ላንተ መስከረም ላይ ጽፌው ነበር፣ ያኔ ቀሎኝ ነበር። አሁን ስለው ግን መሬቱ ተነሥቶ የመጣብኝ መሰለኝ። አባዬ አላየኝም። ክንዱ ግን ክንዴን ነክቶ ነበር፣ አላነሳውም።

ሽማግሌዎቹ የእገዳውን ውሳኔ ሌላ ሰው ያንብበው አሉ። እሱ እምቢ አለ። "የሰውን ልጅ ስም ቆሜ አንብቤአለሁ፣ የራሴ ሲነበብ ልቀመጥ?" አላቸው።

እሁድ ወጣና አነበበ። "ማክዳ ኤርካሎ፣ ከአገልግሎት እስከ ፋሲካ" ሲል ድምፁ ተሰበረ፣ ውሃ አመጡለት። ቀጥሎ "ኤርካሎ ዳና፣ እስከ ፋሲካ" አለ። የራሱን ሲያነብ ድምፁ እንደ ቦልቴው ቀን ቀጥ ያለ ነበር። ጉባኤው አጉረመረመ፣ አንዳንዶች አለቀሱ። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ከመድረኩ ወርዶ፣ በጉባኤው መካከል አልፎ እኔ የተቀመጥኩበት የኋላ አግዳሚ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ የተነሣው ማን እንደሆነ ልንገርህ? ቦልቴ ነው።

ከዚያ መዘምራን ቆሙ። እኔ የለሁበትም። የትኛውን መዝሙር እንደዘመሩ ገምተሃል። አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት እስካሁን አላውቅም። እጄ በነጠላዬ ሥር በራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ላስቆመው አልቻልኩም። አባዬ አየው። እጁን ኮቱ ኪስ ከተተና አንድ ነገር አውጥቶ በነጠላዬ ሥር መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ሳላየው በጠርዙ አወቅኩት። ጆከሩ ነው።

ካርታ አይወድም፣ እስራኤል። አሁንም አይወድም፣ ይሄን እንዳትሳሳት። ስለ ጥር ጠይቄው ሂጂም አላለኝ፣ አትሂጂም አላለኝ። ግን መዘምራኑ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ፣ የእናቴ በሆነው ስንኝ ላይ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ "እዚህ ጋ ትቸኩያለሽ" አለኝ። "ደጋግሜ አየሁት። እዚህ ጋ አትቸኩዪ።"

ስለዚህ ደግሜ ቀርጬ እልክልሃለሁ። ሙዚቃውን አትንካው።

ማክዳ ኤርካሎ